ጋራ ሙለታ ላይ የቀዘቀዘው ሻይ፦ ለብርድ ተራራ ፔርሙዝ የመረጥንበት ጉዳይ

ድሬዳዋ ላደገ ሰው ፔርሙዝ ማለት የበረዶ ውሃ መያዣ ነው። ጠዋት በረዶ እንሞላበታለን፣ ውሃ እንጨምርበታለን፣ ከሰዓት ፀሐዩ አናት ሲበሳ እሱን እየተጎነጨን እንውላለን። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ፔርሙዝን የማውቀው በዚህ ሥራው ነው። ያው ዕቃ ብርድ ተራራ ላይ ሲወጣ ሌላ ዕቃ እንደሚሆን የገባኝ ባለፈው ታኅሣሥ ነው። የገባኝም በደህና ቀን አልነበረም።

ስድስት ሆነን ነው የሄድነው። አራት ጓደኞቼ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ። ሐሳባችን ጋራ ሙለታ ጫፍ ላይ ሆነን ፀሐይ ስትወጣ ማየት ነበር። ጋራ ሙለታ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ፣ በግራዋ ከተማ በኩል ነው። ልጅ ኢያሱ ታስረው የቆዩበት አገር ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ስሙ ሲነሣ መጀመሪያ እሱን ያነሣሉ። ከፍታው 3,381 ሜትር ነው። ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት።

ሒሳቡን ከመሄዳችን በፊት ብንሠራው ጥሩ ነበር። አየር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከኛ ሰፈር እስከ ጫፉ 2,200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ይሄ 14 ዲግሪ ነው። ድሬ ሌሊት 16 ዲግሪ ሲሆን እኛ «ዛሬስ ቀዝቀዝ ብሏል» ብለን አንሶላ እንደርባለን። በዚያው ሰዓት ጋራ ሙለታ ጫፍ ላይ 2 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ያውም ነፋሱ ሳይቆጠር። በዚያ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሌሊቱን ጥርት ብሎ ስለሚያድር ደጋው ላይ ውርጭ የሚወርድበት ወቅት ነው።

ለትኩስ ነገር ሁለት ዕቃ ይዘን ነበር። አንዱ የእማዬ የቤት ፔርሙዝ ነው፤ ጎኑ ላይ አበባ ያለበት፣ ውስጡ መስታወት የሆነው፣ ለቡና ጠጡ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው። ሁለተኛው አንዱ ጓደኛዬ ስፖርት ቤት (ጂም) ይዞት የሚሄደው አፈ ሰፊ የብረት ኮዳ ነው። አንድ ሊትር ይይዛል፤ ክዳኑ ላይ መምጠጫ ስትሮ አለው። የቀረው ሁሉ የፕላስቲክ ውሃ ነበር።

የእማዬን ፔርሙዝ ቤት ሞልተን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ ቦርሳ ውስጥ አቁመን ነው የተነሣነው። ኮረኮንቹ መንገድ ላይ መኪናው ሲነጥር አንድ «ቻ» የሚል ድምፅ ሰማን። ማንም ልብ አላለውም። ግራዋ ገብተን ሻይ ልንቀዳ ስንል ሻዩ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ። የመስታወት ስባሪ ነበር። እማዬ ከዓመታት በፊት አንዱ ሲሰበርባት «ውስጡን ሳታዩ እንዳትቀዱ» ትለን ነበር፤ እሱ ነው ያዳነን። ሁሉንም ደፋነው።

የቀረን የጂሙ ኮዳ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ገብተን የፈላ ሻይ አስሞላንበት። ኮዳው ቀኑን ሙሉ በረዶ ይዞ የዋለ ስለሆነ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር። የኮዳው ባለቤት ለመቅመስ ስትሮውን ሲከፍት ሻዩ ተፈናጥሮ ከንፈሩን አቃጠለው። ኋላ እንደገባኝ ስትሮ ያለው ዕቃ ለትኩስ አልተሠራም። እንፋሎቱ ውስጥ ይታመቅና መውጫ ሲያገኝ ፈሳሹን በቱቦው በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። ልጆች ላሏችሁ ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣን። ጫፍ ስንደርስ ንጋት 12 ሰዓት ሊሆን ነበር። ሻዩን ስንከፍተው የቧንቧ ውሃ ሆኗል።

የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ መንቀጥቀጥ ከጀመረች ቆይታለች። ሽቅቡን ስንወጣ ላብ አጥልቋት፣ ቲሸርቷ ጀርባዋ ላይ ረጥቦ ነበር። ነፋሱ ያገኛት በዚያ ላይ ነው። ጃኬቷን ልትዘጋ ዚፑን ትይዘዋለች፣ ያመልጣታል፣ እንደገና ትይዘዋለች። ጣቶቿ ቆፍነው ነበር። «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ያለችኝ ምላሷ ተሳስሮ ነው። እሷ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ያን ስሰማ ልቤ ወረደ። የሰውነት ሙቀት መውረድ ሲጀምር የሚታየው ይኸው ነው፤ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ እግሩ ይደናቀፋል።

ፀሐዩን ሳናይ ወረድን። እርጥቡን አውልቀን የኔን ሹራብ አለበስናት፣ ሁለት ሆነን ደገፍናት። የመጀመሪያው ቤት ያሉ ሰዎች እሳት አነደዱልን። የቡና ቅጠል ቁጢ አፍልተው በጣሳ ሰጧት። ሁለቱን እጆቿን ጣሳው ላይ አድርጋ ስትጠጣ እያየሁ፣ ይህቺን አንድ ጣሳ ትኩስ ነገር ይዘን ተራራ መውጣት እንዴት እንዳቃተን አሰብኩ። ለጥር ልንመለስ ተስማማን። ግን መጀመሪያ የፔርሙዙን ጉዳይ እንፈታለን አልን።

ከእማዬ መስታወት የተማርኩት

ቤት ስመለስ የተሰበረውን ፔርሙዝ ፈታሁት። ስባሪው በአንድ በኩል መስታወት ነው፤ ፊት ያሳያል። ግድግዳው ሁለት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ። ከሥሩ ሹል ጫፍ አለው፤ አየሩ ተመጥጦ የተዘጋው እዚያ ጋ ነው። ሙቀት የሚሄደው በመነካካት፣ በአየር ወይም በፈሳሽ እንቅስቃሴ፣ ወይም እንደ ፀሐይ በጨረር ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል አየር ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች ይዘጋሉ። መስታወቱ ደግሞ ጨረሩን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ይህን ዕቃ ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጄምስ ዴዋር በ1892 እ.ኤ.አ. ለቤተ ሙከራ ሠራው። ጀርመኖች በ1904 ቴርሞስ ብለው ገበያ አወጡት። እኛ ፔርሙዝ አልነው።

ለጉዳዬ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው። የሚገናኙት አፉ ጋ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ የለም። ክዳኑም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ጥሩ ፔርሙዝ ሙቀት የሚያጣው በዋናነት በአፉና በክዳኑ በኩል ነው። እኛ ድሬዎች ደግሞ ስንገዛ የምንፈልገው ምንድነው? በረዶ የሚገባበት ሰፊ አፍ። ተራራ ላይ ይዘን የወጣነው እንግዲህ ትልቅ በር ያለው ቤት ነበር።

ገበያው

ታይዋን ገባሁ። ድሬን ለማያውቅ፣ ከኤሌክትሮኒክስ እስከ ብርድ ልብስ የሚገኝበት ገበያ ነው። መደርደሪያው ፔርሙዝ በፔርሙዝ ነው፤ ግን ከአሥሩ ስምንቱ አፈ ሰፊና ስትሮ ያለው ነው። ለድሬ ሙቀት ልክ ነው፤ ነጋዴው የሚሸጥለትን ያውቃል።

«ለብርድ አገር ነው የምፈልገው» ስለው ባለሱቁ አንዱን አንሥቶ ታችኛውን ጽሑፍ አሳየኝ። «አቦ አብሽር፣ 24 ሰዓት ይይዛል ይላል!» አለኝ።

ይላል። ግን 24 ሰዓት የሚባለው በብዛት ለቀዝቃዛ ነው፤ ለትኩስ 12 ተብሎ የተጻፈበት ብዙ ነው። ለምን? ሙቀት የሚሮጠው በውስጥና በውጭ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። የበረዶ ውሃ 0 ዲግሪ፣ ክፍሉ 20 ቢሆን ልዩነቱ 20 ነው። ሻዩ 95፣ ክፍሉ 20 ቢሆን 75 ነው። ጋራ ሙለታ ላይ ውጪው 2 ሲሆን 93 ይሆናል። በዚያ ላይ ሰዓቱ የሚቆጠረው ዕቃው ሙሉ ሆኖ፣ አንዴም ሳይከፈት ነው። ተራራ ላይ ማን ሳይከፍት ይውላል?

ባለሱቁን የፈላ ውሃ ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፤ ከጎረቤት ሻይ ቤት አስመጣልኝ። ያሳየኝን አምስት ዕቃዎች ሞልተን ዘጋንና አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ጎናቸውን በመዳፍ ዳሰስናቸው። የአንዱ ጎን ሞቀ። ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም፤ ጽሑፉም ያው ነው። ሁለት ግድግዳ አለው፣ መሃሉ ግን አየር ነው። ጎኑ ሲሞቅ ሙቀቱ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ባለሱቁም ራሱ ገርሞት ለብቻው አስቀመጠው። ምንም ዓይነት መሣሪያ ለሌለው ገዢ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ሦስቱን ገዛን። አንዱ ቀጭን የግማሽ ሊትር፣ ክዳኑን ሲነኩት ዲግሪ በቁጥር የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው አንድ ሊትር፣ አፈ ጠባብ፣ ተጭነው የሚቀዱበት ቁልፍ ያለው ነው። ሦስተኛውም አንድ ሊትር አፈ ጠባብ ነው፤ ግን ቁልፍ የለውም፤ የሚጠመዘዝ ድፍን ውታፍ አለው፣ ከላዩ ክዳኑ ራሱ ኩባያ ይሆናል። የጂሙን ኮዳ ጨምረን አራት አደረግናቸው።

ፍሪጁና የበረዶ ባልዲው

ድሬ ውስጥ ብርድ ከየት ይመጣል? ከፍሪጅ። እማዬ መጀመሪያ «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ውስጥ? አይሆንም!» አለች። ጎናቸው እንደማይሞቅ በእጇ ዳስሳ ስታረጋግጥ አንዱን መደርደሪያ ለቀቀችልን።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አራቱንም በፈላ ውሃ ሞልተን አሥር ደቂቃ አቆየናቸው። ያንን ደፍተን ወዲያው የፈላ ሻይ እስከ አንገታቸው ሞላን። ይሄ ማሞቅ የሚባለው ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቀዝቃዛው ብረት የሻዩን የመጀመሪያ ሙቀት እንዳይበላው ያደርጋል። መሙላቱም ጥቅም አለው፤ ጎደሎ ዕቃ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከፈትናቸው። ቴርሞሜትር አልነበረንም፤ የምንፈርደው በምላስ ነው። ባለ ውታፉ ሻይ እንፋሎት ነበረው፤ ፉት ብለን ቆም ማለት ነበረብን። ባለ ቁልፉ ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደህና ትኩስ ነው። ግማሽ ሊትሩ የሚጠጣ ነው፤ ግን ሙቀቱ ሊያልቅ የደረሰ። ትንሽ ዕቃ ከያዘው ፈሳሽ አንፃር ሙቀት የሚወጣበት ገላው ስለሚበዛ እንዲህ ነው የሚሆነው። የጂሙ ኮዳ ለብ ብሎ ነበር። ልብ በሉ፣ ያው ኮዳ ሲሞቅና ሲሞላ ለብ አለ፤ በታኅሣሥ ሳይሞቅ የቧንቧ ውሃ ሆኖ ነበር። ክዳኑ ላይ ያለው የዲግሪ ቁጥር ደግሞ ምላሳችን ከሚለው ጋር አልገጠመም። የሚለካው ክዳኑ ሥር ያለውን ነው፤ ባትሪውም ብርድ ሲያገኘው ይደክማል።

ሁለተኛውን ፈተና ያመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። «እኔ ያቃተኝ ሻዩ መቀዝቀዙ ብቻ አይደለም፤ እጄ ነበር» አለች። ባልዲ ሙሉ የበረዶ ውሃ አዘጋጀን። እጃችንን ደነዝ እስኪል ነክረን፣ ሳናደርቀው ክዳኖቹን ልንከፍት ሞከርን። እሷ የጀመረችው በግማሽ ሊትሩ ነው። ክዳኑ ልሙጥ ነው፤ በእርጥብ ጣት ዞር አልል አላት። ትኩስ ነገር ተዘግቶበት ሲቀዘቅዝ ክዳን ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ይበልጥ ይጠብቃል። ባለ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ቀዳ። ባለ ውታፉ ክዳን ዙሪያውን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው፤ በመዳፏ ይዛ ከፈተችው። ጓንት አድርጋም ደገመችው። ከፈተች።

ባለ ቁልፉ ለመክፈት ይቀላል። ታዲያ ለምን ተውነው? ውታፉን ፈትተን ስላየነው ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለ፣ ትንንሽ ጎማ አለ፣ ቱቦ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ስኳር ሻይ ይዞ አድሮ ጥጋጥጉ ተጣብቋል። ለቤት ይሁን፣ ቀን በቀን ይታጠባል። ተራራ ላይ ስፕሪንጉ ቢያዝ ግን የሚጠግንልን የለም። ድፍን ውታፍ የሚበላሽበት የለውም።

በኩባያ መጠጣቱም ለኛ ጥሩ ሆኖ አገኘነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥን ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል። በቀጥታ ከአፉ የሚጠጣ ሰው ስንት ዲግሪ እንደሆነ አያውቅም። ኩባያ ላይ ሲቀዳ አንድ ደቂቃ ይበርዳል፣ እጅም ያሞቃል።

ስለዚህ ከሦስተኛው ዓይነት ሁለት ጨመርን። ለሁለት ሰው አንድ ሊትር፣ በጠቅላላ ሦስት። ለየሰው ግማሽ ሊትር ቢሆን ክብደቱ ይከፋፈል ነበር፤ ሻዩ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። አንዱ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፣ ሲሞላ ኪሎ ተኩል። ጥንዶቹ እየተቀባበሉ ይሸከሙታል፤ እግረ መንገድም ማንም ከጓደኛው እንዳይለይ ያደርጋል።

ውስጡ የሚገባው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ትኩስ ሻይ በራሱ ሰውነትን ያን ያህል አያሞቅም። ግማሽ ሊትር በ60 ዲግሪ የጠጣ ሰው ከሙቀቱ የሚያገኘው 12 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ብቻ ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን ወደ 64 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። የሚንቀጠቀጥ ሰውነት የሚያነደው ማገዶ እሱ ነው። ስለዚህ ሻዩ ጣፋጭ ይሁን። ሌላው ጥቅም ሰው ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አልጠጣም ይላል፤ ትኩስ ከሆነ ግን ይጠጣል። ከፍታ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ውሃ ያጣል። እርጥብ ልብስ ግን በየትኛውም ሻይ አይካካስም፤ የአክስቴን ልጅ መጀመሪያ የጣላት ላቡ ነበር።

«ሻይ በወተት ይሁን» ያለ ነበር። ወተት ያለበት ነገር ፔርሙዝ ውስጥ አድሮ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ባክቴሪያ ይመቸዋል። ቁርስ ላይ እንጂ ጉዞ ላይ አይሆንም አልን። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል በቃን።

ስለ ማጠብም ልንገራችሁ፤ እኛ ቤት ሁሉ ነገር በበረኪና ነው የሚታጠበው። የማይዝግ ብረት በረኪና አይወድም፤ ክሎሪኑ ይበላዋል። ቤኪንግ ሶዳና ሙቅ ውሃ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ይደር።

ጥር

ግራዋ ያው ሻይ ቤት ገባን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከመነሣታችን በፊት ባለቤቷ ተነሥታ እንድታፈላልን ማታውኑ ለምነናት ነበር። ቤት የተሞላ ሻይ መንገድ ላይ ሰዓት ይበላል፤ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ የፈላ ደግሞ ሙቀቱ ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው። ድሬ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ 90 ገደማ ነው። የመጨረሻው ደህና ምድጃ ጋ መሙላት ይሻላል። ፔርሙዞቹን በፈላ ውሃ ስናሞቅ ባለቤቷ «ቆሽሾ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ነገርናት። ለራሷም ልታደርገው እንደሆነ ተናገረች።

ግማሽ መንገድ ላይ የሁለተኛዎቹ ጥንድ ቦርሳ መንጠባጠብ ጀመረ። ውታፉን ከፍተን አየነው። ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ የለም። ማታ አጥበን ስናደርቅ ለብቻው አስቀምጠን ረስተነዋል። ጋቢያቸው ረጠበ፣ ሻዩ ግማሹ ፈሰሰ። ከሦስቱ ፔርሙዞች የአንዱ ማለት ነው። በብርድ ላይ እርጥብ ጋቢ ምን ማለት እንደሆነ ካወቅን በኋላ ይሄ መሆኑ በጣም አሳዘነኝ። አሁን ጎማውን ከውታፉ ነጥለን አናስቀምጥም፤ ከመሙላታችን በፊት ውሃ አድርገን ዘቅዝቀን እናያለን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሰማዩ መቅላት ጀምሮ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከቋጥኝ ጀርባ ነፋሱን ተከልላ ተቀመጠች። ደረቅ ቲሸርት ይዛ ስለነበር እዚያው ለወጠች። ከዚያ ጓንቷን ሳታወልቅ ክዳኑን በመዳፏ ይዛ ጠመዘዘችው። እንፋሎቱ ወጣ። መንገድ የመሩን አዛውንት ቡልኳቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር፤ የመጀመሪያውን ኩባያ ለሳቸው ሰጠቻቸው። ፉት አሉና ኩባያውን ራቅ አድርገው አዩት። «ሻሂ ኩኒ ሆአ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ይሄ ሻይ ትኩስ ነው ማለታቸው ነው። ወደ ፔርሙዙ እያዩ ከየት እንደተገዛ በጓደኛዬ በኩል ጠየቁን። እሷ ሁለተኛውን ኩባያ ለራሷ እየቀዳች ያለማቋረጥ ታወራ ነበር።